ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር ይገዛ ወይስ ይቅር? ለድሬዳዋና ለሐረር ተማሪዎችና ወላጆች

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስልክ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ለእረፍት የሚመጣ ዘመድ ሻንጣውን እያዘጋጀ «ለልጁ ምን ላምጣለት?» ይላል፤ ልጁ ደግሞ ቪዲዮ ላይ ያየውን ባለቀለም ስክሪን ካልኩሌተር በስሙ ይጠራል። ወላጅ ዋጋውን ሲሰማ ወይ «ለትምህርት ከሆነ ምን ቸገረኝ» ይላል፣ ወይ «ቅንጦት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ችኮላ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ይሁን 12ኛ፣ ጎበዝ ይሁን ደከም ያለ፣ ነገሩን የሚቆርጠው መጨረሻ ላይ የሚቀመጥበት ፈተና ነው። ፈተናው የማያስገባውን ማሽን ይዞ ዓመቱን ሙሉ የተለማመደ ልጅ፣ የፈተናው ቀን ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ አይቀድምም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ ምሽትና አንድ ሳምንት ይፈጃል። ምሽቱ ለማጣራት፣ ሳምንቱ ለመሞከር ነው።

ደረጃ 1፦ ፈተናውን በስሙ ይጻፉ

ወረቀት ያውጡና ልጁ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የሚወስዳቸውን ፈተናዎች በሙሉ ይዘርዝሩ። «ማትስ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የየትኛው ተቋም ፈተና እንደሆነ መታወቅ አለበት።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ብቻ ከሆነ ውሳኔው እዚሁ አልቋል፤ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ ተፈታኞች ሲገቡ ይፈተሻሉ፤ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጥያቄዎቹም የሚዘጋጁት በእጅ እንዲሠሩ ታስበው ነው። ቁጥሮቹን ልብ ብሎ ላየ ይታወቃል፤ ማዕዘኖቹ 30፣ 45፣ 60 ናቸው፣ ሎጋሪዝሙ የ8 በ2 መሠረት ነው፣ ምርጫዎቹ በ√3 እና በፓይ የተጻፉ ናቸው። ይህን ፈተና የሚያልፈው ሳይን 60 √3/2 መሆኑን ሳያስብ የሚናገር ልጅ ነው።

በኬሚስትሪም እንዲሁ ነው። የሃይድሮጅን አዮን መጠኑ 2 × 10⁻³ የሆነ አሲድ ፒኤች ስንት ነው ቢባል፣ ሎግ 2 ወደ 0.3010 እንደሚጠጋ በቃሉ የያዘ ተማሪ 3 − 0.3010 ብሎ 2.7 አካባቢ ነው ብሎ ይመርጣል። ማሽን የለመደው ልጅ ደግሞ ቁልፉን በዓይኑ ይፈልጋል። ሎግ 2 0.3010፣ ሎግ 3 0.4771 ናቸው። ሁለቱን ይያዝ፤ የ4ን፣ የ6ን፣ የ8ን፣ የ9ን ሎግ ከእነሱ ያወጣል። የ5ን ከፈለገ ከ1 ላይ 0.3010 ይቀንስ።

ኤስኤቲ (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) የሚወስድ ከሆነ፦ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ የሚያስቡ ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ፈተናው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተፈታኞች በኮምፒውተር ሆኗል። የሒሳቡ ክፍል ሁለት ሞጁል ነው፤ እያንዳንዱ 22 ጥያቄና 35 ደቂቃ አለው። ብሉቡክ በሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ውስጥ ደግሞ ዴስሞስ የተባለ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አብሮ ተቀምጧል፤ በሒሳቡ ክፍል በሙሉ ይሠራል። ስለዚህ ማሽኑን ገዝቶ መሄድ ይፈቀዳል እንጂ ግድ አይደለም። ዋናው ወጪ ሌላ ቦታ ነው፤ ብሉቡክ በስልክ አይሠራም። በላፕቶፕ ወይም በአይፓድ ነው፤ የአንድሮይድ ታብሌትም አይሆንም። ዘመድ አንድ ነገር ይዞ ይምጣ ከተባለ ላፕቶፕ ይምጣ።

የእንግሊዙ የካምብሪጅ ፈተና ከሆነ የትምህርቱን ኮድ ሳያዩ አንድ ብር አያውጡ። 0580 የሚለው የአይጂሲኤስኢ ማቲማቲክስ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አያስገባም፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከወረቀቶቹ አንዱ ጭራሽ ያለ ካልኩሌተር ነው፣ ሌላው ግራፍ በማይሠራው በሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይሠራል። 0607 የሚለው ኢንተርናሽናል ማቲማቲክስ ግን ግራፍ የሚሠራውን ይጠይቃል። የኤ-ሌቭሉ (ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው ደረጃ) 9709 ተመልሶ ይከለክላል። አንድ ፈታኝ ድርጅት ነው፤ የኮዶቹ መልስ ግን ይለያያል።

አይቢ (ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ) ወይም ኤፒ ካልኩለስ (የአሜሪካ የኮሌጅ ደረጃ ፈተና) ከሆነ ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር ያስፈልጋል። በአይቢ «አናሊሲስ ኤንድ አፕሮችስ» ወረቀት 1 ያለ ካልኩሌተር፣ ወረቀት 2 ግራፍ በሚሠራ ካልኩሌተር ነው፤ «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ኢንተርፕሪቴሽን» ደግሞ በሁሉም ወረቀት ይጠይቃል። ኤፒ ካልኩለስም ማሽኑ ግድ የሚሆንበት ክፍል አለው፤ ግን ዴስሞስ አሁን እዚያም በፈተናው መተግበሪያ ውስጥ አለ። እነዚህን የሚወስዱት አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ባሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ የሚቀበላቸውን ሞዴሎች ይናገራል፤ ከዝርዝሩ ውጭ አይግዙ።

ቤተሰቡ ወደ ውጭ የመሄድ ሂደት ላይ ስለሆነ «እዚያ ይጠይቁታል» የሚባልም አለ። እዚያ ደርሶ ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ። አስቀድሞ ገዝቶ ይዞ መሄድ ትርፍ ወጪ ነው።

ደረጃ 2፦ ልጁ ያለበትን ምዕራፍ ይመልከቱ

ፈተናው «አይፈልግም» ካለ በኋላም ልጁ «ለመረዳት ይጠቅመኛል» ሊል ይችላል። ውሸት አይደለም፤ ግን በሁሉም ምዕራፍ አይደለም። ስብስብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ሲኩዌንስና ሲሪየስ ላይ ግራፍ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው። ፖሊኖሚያል ፈንክሽን፣ ኤክስፖኔንሺያልና ሎጋሪዝም፣ የትሪጎኖሜትሪ ፈንክሽኖች፣ ራሽናል ፈንክሽንና የካልኩለስ መግቢያ ላይ ግን ቅርጹን በዓይን ማየት ብዙ ያግዛል። እነዚህ አምስቱ በ10ኛ፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ተበትነው ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ናቸው። ለነዚያ ሳምንታት ሲባል በአሜሪካ ሱቅ እንኳ አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ የሚሸጥ ዕቃ መግዛት ይገባል ወይ የሚለውን የሚመልሰው የሚቀጥለው ደረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ሳምንት በስልክ ይሞክር

ዴስሞስ እና ጂኦጂብራ ነፃ መተግበሪያዎች ናቸው፤ አንዴ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ግራፍ ይሠራሉ። ዋይፋይ ባለበት ይውረድና ዳታው ይዘጋ፤ ቲክቶክም አብሮ ይዘጋል።

መጀመሪያ ልጁ ከመማሪያ መጽሐፉ 10 የግራፍ ጥያቄዎችን በካሬ ደብተር ላይ፣ ስልክ ሳይነካ ይሥራ። ሲጨርስ በስልኩ ያስተያይ። የተሳሳታቸውን እያየ ከእያንዳንዱ አጠገብ ምክንያቱን ይጻፍ፦ የሒሳብ ስህተት ነው? ሐሳቡ አልገባኝም ነው? ወይስ ሐሳቡ ገብቶኝ ቅርጹን መገመት አቃተኝ ነው?

ስህተቱ የሚበዛው በመደመርና በማባዛት ከሆነ መድኃኒቱ ልምምድ ነው። «አልገባኝም» ከበዛ አስተማሪ ወይም የሚያስጠና ሰው ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ያልገባውን ነገር በፍጥነት ይሥለዋል፣ ሌላ ምንም አያደርግለትም። ሦስተኛው ከበዛ ግራፍ ማየት ይጠቅመዋል ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ በእጁ ያለው ስልክ በነፃ ያደርግለታል። ዴስሞስ ላይ ዋይ = ኤ(ኤክስ − ኤች)² + ኬ ብሎ ሲጽፍ መተግበሪያው ለሦስቱ ፊደላት ማንሸራተቻ ያቀርብለታል፤ ኤችን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያንሸራትት ኩርባው አብሮት ሲሄድ ያያል። ይህን አሥር ደቂቃ የነካካ ልጅ ስለ ግራፍ መዛወር ሁለተኛ አይጠይቅም።

አሁን ማሽኑ የማይነግረውን እንይ። ልጁ ይህን ያስገባ፦

ዋይ = ኤክስ² − 40ኤክስ + 300

ቲአይ-84 በሚባለው ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር ላይ «ዙም» ብሎ 6 ሲጫን የሚመጣው የተለመደው መስኮት ከ−10 እስከ 10 ነው፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም። በዚያ መስኮት ውስጥ የዚህ ፈንክሽን ግራፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ቀኝ ጠርዝ ላይ ጭረት የምታህል ነገር ብትታይ ነው። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ 300 ነው፣ ከስክሪኑ በላይ። ልጁ ወይ «ዜሮ የለውም» ብሎ ይጽፋል፣ ወይ «ማሽኑ ተበላሸ» ይላል። መልሱ ግን 10 እና 30 ላይ ዜሮ ይሆናል፣ ዝቅተኛው ነጥብ (20፣ −100) ነው። ግራፉን ለማየት መስኮቱ ወደ ጎን ከ0 እስከ 40፣ ወደ ላይ ከ−120 እስከ 320 መሆን አለበት። ታዲያ እነዚህን ቁጥሮች ከየት ያመጣቸዋል? ከ−ቢ/2ኤ። 40ን ለ2 አካፍሎ 20 መሃል መሆኑን ያወቀ ልጅ ነው መስኮቱን የሚያስተካክለው፤ ያንን ያወቀ ልጅ ደግሞ ግራፉን በእጁ ሊሥለው ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው። የዚህ ማሽን ነገር እንዲህ ነው፤ በደንብ የሚጠቀምበት ብዙም የማያስፈልገው ልጅ ነው።

ሌላ ምሳሌ ከ11ኛ ክፍል። ዋይ = (ኤክስ² − 4)/(ኤክስ − 2)። ማሽኑ ቀጥ ያለ መስመር ይሥላል፤ በአብዛኛው መስኮት ሲታይ እንከን የለውም። ጥያቄው የሚፈልገው ግን 2 ላይ ያለውን ቀዳዳ ነው፤ ፈንክሽኑ እዚያ ዋጋ የለውም። የማሽኑ ስክሪን ነጥቦችን እየዘለለ ስለሚያሰላ ዘሎት ያልፋል። (ኤክስ − 2) ከላይም ከታችም የተሠረዘ መሆኑን በደብተሩ ላይ ፋክተር አድርጎ ያየ ተማሪ ቀዳዳውን ያገኘዋል፤ ስክሪን ብቻ ያየ ያጣዋል። ከስክሪን መገልበጥ ውጤት የሚያስጥልበት ዋናው ቦታ ይህ ነው።

ከሳምንቱ በኋላ ልጁ «ስልኩ በቂ ነው» ካለ በቃ። «ስልኩ ያዘናጋኛል» ካለ ግን ለሱ ተብሎ 100 ዶላር አይወጣም አቦ፤ የማይጠቅም አሮጌ ስልክ ሲም አውጥቶ ሁለቱን መተግበሪያ ብቻ መጫን ይቻላል።

ደረጃ 4፦ አብዛኛው ልጅ የሚያስፈልገው ሳይንቲፊክ ነው

ለቤት ሥራ ማረጋገጫ፣ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ፣ በኋላም ለዩኒቨርሲቲ የሚሆነው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ነው። ኢንጂነሪንግ የሚገቡ ልጆች እጅ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ነው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። 991ኢኤስ ፕላስ ባለሁለትና ባለሦስት ያልታወቀ እኩሌታ ይፈታል፣ ኳድራቲክና ኪዩቢክ ያወጣል፣ እስከ 3 በ3 ማትሪክስ ያሰላል፣ ቬክተር አለው፣ ኢንተግራልን በቁጥር ያወጣል። 82ኢኤስ ፕላስ ደግሞ ርካሽ ነው፤ እኩሌታ የሚፈታበት ክፍል የለውም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ለሚማር ልጅ 82 ይበቃል፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ አንዴ ገዝቼ ልገላገል ለሚል 991 ይሻላል።

ብዙዎች የማያውቁት፣ እነዚህ ካልኩሌተሮች ግራፍ ባይሥሉም ሠንጠረዥ ያወጣሉ። በ991ኢኤስ ፕላስ እንዲህ ነው፦ «ሞድ» ተጭኖ 7። የሚመጣው ቦታ ላይ ፈንክሽኑ ይጻፋል፤ ኤክስን ለመጻፍ «አልፋ» እና የሚዘጋው ቅንፍ ቁልፍ። ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 ይጻፍና «=»። መነሻ ሲጠይቅ −1፣ መድረሻ 6፣ እርምጃ 0.5። 15 መስመር ይመጣል፤ 2 ላይ ዜሮ፣ 2.5 ላይ −0.25፣ 3 ላይ ዜሮ። በካሬ ደብተር ላይ ነጥቦቹን አስቀምጦ ማያያዝ ነው የቀረው። እርምጃውን 1 ያደረገ ልጅ 2 እና 3 ላይ ዜሮ ያያል፣ መሃል ላይ ወደ ታች የወረደችውን −0.25 አያያትም፤ ግራፉን ከዜሮ በታች ሳያወርድ ጠፍጣፋ አድርጎ ያገናኘዋል። እርምጃውን 0.1 ካደረገው ደግሞ ማሽኑ ማስታወሻዬ አይበቃም ብሎ ይመልሰዋል፤ ከ30 መስመር በላይ አይይዝም። ከላይ ያየነው ባለቀዳዳው ፈንክሽን በዚህ ሠንጠረዥ 2 ላይ «ኢረር» ብሎ ይናገራል። ከ100 ዶላሩ ማሽን ግራፍ ይልቅ እዚህ ላይ ይሄኛው ታማኝ ነው።

ዕቃውን ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሲገዙም፣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሲገዙም ሱቁ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይፈትሹት። ሽፋኑ ላይ 991 ተጽፎ ውስጡ ሌላ የሆነ ይገኛል። «ሞድ» ሲጫኑ 991ኢኤስ ፕላስ ስምንት ምርጫ ማሳየት አለበት፤ ሦስት ብቻ ካሳየ የ82 አንጀት ነው ያለው። ቀጥሎ √8 ያስገቡ፤ 2√2 ብሎ መመለስ አለበት። ከዚያ ሳይን 30። 0.5 ወይም 1/2 ካላለ ገና የተበላሸ ነው አይበሉ፤ −0.988 ካለ ራዲያን ላይ ነው፣ 0.454 ካለ ግራዲያን ላይ ነው። «ሺፍት» 9 3 «=» ሲጫኑ ሁሉም ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ፣ ወደ ዲግሪም ይመለሳል። እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ አንዴ ይጫኑ፤ ሁለቴ መጫን የሚፈልግ ቁልፍ ካለ ይተዉት።

የቅንፍ ነገር በተለይ ይነገረው። −3² ሲያስገባ ማሽኑ −9 ይላል፤ ማሽኑ ትክክል ነው፣ ልጁ የፈለገው (−3)² ነበር። 6÷2(1+2) ደግሞ በቲአይ-84 9፣ ክላስዊዝ በሚባለው የካሲዮ ሞዴል 1 ይወጣል። ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በዚህ ሲጣሉ ቢያዩ አይግረምዎ፤ ጥፋተኛው ቅንፍ ያልጻፈው ሰው ነው።

ደረጃ 5፦ በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ

0607፣ አይቢ ወይም የመሳሰለውን የሚወስድ ልጅ ካለ ምርጫው በአብዛኛው ከቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ እና ከካሲዮ ኤፍኤክስ-ሲጂ50 አንዱ ነው። የሒሳብ አስተማሪው በየትኛው እንደሚያሳይ ይጠየቅና ያው ይገዛ፤ ክፍሉ በአንዱ ሲማር ብቻውን ሌላ የያዘ ልጅ ቁልፍ ሲፈልግ ይውላል። በስሙ ላይ «ካስ» የሚል ያለበት ሞዴል፣ ለምሳሌ ቲአይ-ኤንስፓየር ካስ፣ ይበልጥ ውድና ይበልጥ የሚችል ነው፤ አልጀብራውን ራሱ ስለሚፈታ ግን አይቢም፣ ኤሲቲ የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም አያስገቡትም። ዘመድ «ከሁሉ የሚበልጠውን ገዛሁለት» ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ለአክስት ወይም ለአጎት መልእክት ሲላክ እንዲህ ይጻፍ፦ «አክስቴ፣ ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ ነው፤ ካስ የሚል ከተጻፈበት አይሁን። የሚሞላበትን ገመድ አብረሽ አምጪልኝ፤ ያገለገለም ቢሆን ይሆናል፣ ብቻ ስክሪኑ ላይ መስመር አይኑረው።» ገመዱ የተነሳው በምክንያት ነው፤ የሲኢው መሙያ ቀዳዳ የድሮው ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ የአሁን ስልክ ገመድ አይገባበትም።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሲጂ50 የሚመቸው ነገር አለው፤ አራት ትንንሽ ትሪፕል-ኤ ባትሪ ነው የሚበላው፣ በየሱቁ አለ። የድሮው ቲአይ-84 ፕላስም በአራት ትሪፕል-ኤ ይሠራል፣ ማስታወሻውን የሚጠብቅ አንድ የሰዓት ዓይነት ክብ ባትሪም አለው። ያገለገለ ሲገዙ የባትሪውን ክዳን ሳይከፍቱ አይክፈሉ። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ባትሪ ፈሶበታል። ትንሽ ከሆነ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠርጎ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቆ መመለስ ይቻላል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ዛሬ ቢሠራ ነገ ይቆማል።

የድሮው ቲአይ-84 ሲከፈት ስክሪኑ ባዶ ከሆነ ሁልጊዜ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ «ሰከንድ» ተጭኖ ከዚያ የላይ ቀስቱን ይዞ መቆየት ንፅፅሩን ያጨልመዋል። ከዚያ «ዋይ=» ላይ ከላይ ያየነውን ኤክስ² − 40ኤክስ + 300 አስገብተው፣ መስኮቱን አስተካክለው፣ «ሰከንድ» «ትሬስ» 2 ብለው ዜሮውን እንዲያወጣ ያድርጉት፤ ከዜሮው በስተግራ፣ በስተቀኝ፣ ከዚያ ግምት ይጠይቃል። 10 ወይም 30 ካወጣ ጤነኛ ነው። የምልክት ለውጥ የለም ካለ ግራና ቀኙ በዜሮው በአንድ ወገን ተቀምጠዋል።

አዲስ የያዘ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ስህተት አያልፈውም። አንደኛው «ሲንታክስ» የሚለው ነው፤ የመቀነሻውን ቁልፍ በአሉታዊው ቁልፍ ቦታ ተጠቅሟል። አሉታዊው በቅንፍ ውስጥ ያለው ትንሹ ሰረዝ ነው። ሁለተኛው «ኢንቫሊድ ዲሜንሽን» ነው፤ ግራፉን ሲጠይቅ በድንገት ይመጣል፣ ልጁ ፈንክሽኑን ሦስቴ ደጋግሞ ይጽፈዋል፣ ፈንክሽኑ ግን ምንም የለበትም። የስታቲስቲክስ ፕሎት ተከፍቶ ቀርቷል። «ዋይ=» ገብቶ ወደ ላይ ወጥቶ የጠቆረውን «ፕሎት1» ላይ «ኢንተር» ሲል ይጠፋል።

ሙቀትና አቧራ

ሐረር ላይ ይህ ክፍል ብዙም አያስቸግርም። ድሬ ላይ ግን ያስቸግራል። የካሲዮ መመሪያ ዕቃው ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ባለው እንዲሠራ ይላል፤ የበጋ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባጃጅ መስታወት ሥር የተቀመጠ ካልኩሌተር ከዚያ ያልፋል። ስክሪኑ በሙሉ ይጠቁራል። ልጁ ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል፤ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ሲበርድ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቶሎ እንዲበርድ ብለው ፍሪጅ ውስጥ አይክተቱት፣ ውስጡ ውሃ ያዝላል። ሲኢውን የመሰለ በሊትየም ባትሪ የሚሠራ ማሽን የሚሞላው ማታ ሲበርድ ነው፤ በጠራራ ሰዓት ጸሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር እየሞላ መዋል ባትሪውን ሊያሳብጠው ይችላል። የማሽኑ ጀርባ ጎበጥ ካለ መሙላት ይቁም፣ ባትሪው ይውጣ።

አቧራው ቁልፍ ሥር ይገባል፣ ከላብ ጋር ሲገናኝ ይጋግራል። ተንሸራታች ሽፋኑ ሁሌ ይዘጋ፤ የጠፋበት ካለ ጠበቅ ያለ የጨርቅ ከረጢት ይሰፋለት። ሲጸዳ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ነው፤ ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ይበሉታል፣ የቁልፎቹንም ጽሑፍ ያጠፋሉ።

የ991 ባትሪ ክብ ኤልአር44 ነው፤ ሰዓት የሚያድሱ ሰዎች ጋ ይገኛል። ጀርባውን በትንሽ ካቻቢቴ ፈትቶ መለወጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከለወጡ በኋላ «ሺፍት» 9 3 «=» አይረሳ። በአራት ትሪፕል-ኤ የሚሠሩት ግራፍ ሠሪዎች ደግሞ አራቱም ባትሪ አንድ ላይ ይለወጥ፣ አሮጌና አዲስ አይቀላቀል። ትምህርት ሲዘጋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ ባትሪው ወጥቶ ይተኛ።